ማሽላው የሳሳበት ክረምት

ባሏ አራጌ በሞተ በዓመቱ ስንቄ ማሽላዋን እንደ ወትሮው ጥቅጥቅ አድርጋ አዘራች። ከወሎ በሰፈራ መጥተው በጎሬ በኩል ባለችው ቡሬ አጠገብ ጎጆ በቀለሱ ጊዜ፣ አራጌ እንዳገሩ ደንብ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በበሬ ሸልሽሎት ነበር። በቡቃያው መሐል አርሶ አሳሳው ማለት ነው። ክፍተቱን ግን አረም ወረሰው። «ይህ አገር ውሃ አይቸግረውም፤ ይጠጋጋ» ብሎ ሽልሻሎውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ስንቄም ያንኑ ይዛ ኖረች።

በዚያ ክረምት ግን ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። የማሽላው ቅጠል ገና ከረፋዱ ይጠቀለል ጀመር። ጎሬ ያለችው ልጇ መሰረት፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ ካልያዘ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተሽ እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ» ብላ ቆርጣለች። ስንቄ በሰው ጓዳ ጨው የት እንዳለ እየጠየቀች መኖር አልፈለገችም።

ማሳው ዳር ቆማ ቆየች። ያለችው እርጥበት ለዚህ ሁሉ አገዳ አትበቃም። ጎረቤቷ ኢቲቻ ዘንድ ሄደች፤ እርሻዋን የሚያርስላት እሱ ነው።

«በሬዎችህን ጥመድና ማሽላውን ሸልሽልልኝ።»

«ያ ዋቃ! የቆመ እህል ላይ? እትዬ፣ ሰው ቢያየን የተጣላን መስሎት ሽማግሌ ይልክብናል።»

«ይላክ። የመጣው ሽማግሌ ያርምልናል።»

«ጋሼ አራጌ ቢኖሩ እኮ…»

«ቢኖር አንተን አልለምንም ነበር።»

ኢቲቻ የበሬዎቹን አፍ በገመድ አስሮ ገባ። ማረሻው ባለፈበት ሁሉ ቡቃያው ይገነደሳል። ስንቄ ከኋላ እየተከተለች አፈር የተጫነውን ደህናውን ቀና አደረገች፤ ቀጭን ቀጭኑን ነቀለች። የተነቀለውንም ደርቆ ለከብት እንዲሆን አጥር ላይ ሰጣችው። ማታ ስትገባ እራት አልበላችም።

ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተመለሰ፤ ያውም እየቆጠበ። የሳሳው ማሽላ አገዳው ወፈረ፣ ዛላውም ጎነበሰ። በሬ መዞሪያ ያጣበት የአጥሩ ጥግ ግን እርስ በርሱ ሲሻማ እንደ ጣት ቀጥኖ ቀረ፤ እህል የያዘውም ለወፍ ቁርስ አይበቃም።

መሰረት እናቷን ልትወስድ ስትመጣ አውድማ ላይ አገኘቻት።

«ዕቃሽን አልሸከፍሽም እንዴ?»

«አፉን ያዥልኝ» አለችና ስንቄ ባዶ ማዳበሪያ ዘረጋችላት።

መሰረት በማግስቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማሽላ ሚኒባስ ላይ አስጭና ብቻዋን ወደ ጎሬ ተመለሰች።