ሦስተኛው ላስቲክ

የፀሐይ መነጽር እንዳደረጋችሁ ስልካችሁን ዘንበል ስታደርጉት ስክሪኑ ጠቁሮባችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ ወደ ሳሊተ ምሕረት ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ መነጽሩን ሳወልቅ ግን ደህና ነው። የስክሪኑ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል፤ መነጽሩም የሚያሳልፈው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጣረሱ ይጨልማል።

ኮሌጅ ውስጥ ኳንተም ሜካኒክስ ሳስተምር ፕሮጀክሽን ኦፕሬተርን በዚህ ጀመርኩ። የብርሃን ቅንጣት ሁኔታ በቬክተር፣ ማለትም አቅጣጫ ባለው ቀስት ይገለጻል። ኦፕሬተሩ ከቀስቱ በራሱ አቅጣጫ ያለውን ድርሻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። ያንኑ ኦፕሬተር ብትደግሙት ለውጥ የለም፤ የሚጣል አልቀረማ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ወደ አካውንቲንግ ልዘዋወር ነው።»

«ምነው?»

የቤት ሥራዋን ዘረጋችው። በአንድ ቁም ቀስት ላይ ሦስት ኦፕሬተሮች በተራ ይሠራሉ፦ ቁም፣ በ45 ዲግሪ ሰያፍ፣ አግድም። መልሷ ዜሮ ይላል፤ ከሥሩ ግን በላጲስ የጠፋ «ግማሽ» ይታያል።

«ይሄን ለምን አጠፋሽው?»

«ደጋግሜ ስሠራው ቀስቱ በግማሽ ርዝመት ይተርፋል። ግን ቁምና አግድም ብቻ ሲከታተሉ ውጤቱ ዜሮ ነው። ሰያፉ ደግሞ ይጥላል እንጂ አይጨምርም። ወንፊት ላይ ወንፊት ሲደረብ ዱቄት ይበዛል እንዴ? ፊዚክስ ለኔ አልሆነም፣ በቃ።»

«እስከ ነገ ታገሺኝ» አልኳት።

ወሎ ሰፈር አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ጠጋኞች ከተሰበረ ስክሪን ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን ላስቲክ ልጠው ይጥላሉ፤ አቅጣጫ የሚመርጠው እሱ ነው።

«ለማስተማሪያ? ቆሻሻ እኮ ነው ወንድሜ፤ ሁሉንም ውሰደው!» አለኝ።

በነጋታው ተማሪዋን ከክፍሉ መስኮት አጠገብ አቆምኳት። ሁለት ቁራጭ ላስቲክ፣ አንዱን ቁም ሌላውን አግድም አድርጌ ደረብኩ። ጨለመ።

«ይኸው ዜሮ» አለች።

«ሦስተኛውን አንቺ በመካከላቸው አስገቢው፣ ሰያፍ አድርገሽ።»

አስገባች። በጨለማው ውስጥ ውጭ ያለው የውኃ ሮቶ ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ።

«ኧረ! ሮቶው!»

«ወንፊት ዱቄቱን አያዞረውም» አልኳት። «ይሄ ግን ያሳለፈውን ቀስት በራሱ አቅጣጫ ያስቀምጠዋል። ሰያፍ የሆነ ቀስት ደግሞ አግድም ድርሻ አለው።»

«ስለዚህ ግማሹ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

ዜሮውን ሰርዛ ግማሹን በእስክሪብቶ ጻፈችው። «እንግዲያው የትም አልሄድም። የሚቀጥለውን የቤት ሥራ ግን ያቅልሉልን!»

እናንተም ከሰፈራችሁ ስልክ ጠጋኝ ቁራጭ ለምናችሁ ሞክሩት። ከዚያ ሦስተኛውን መካከል ሳይሆን ከሁለቱ ፊት አድርጉትና የሚሆነውን እዩ።