ዶርቃ ያልሰማቻት ድምፅ

ዶርቃ ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት የምትጸልየው ለአንድ ነገር ነበር፤ በእድሩ ውስጥ ማንም ሰው እንዳይሞት። ደግነት ብቻ አልነበረም። የካ ሚካኤል አጠገብ ያለውን የእድር አዳራሽ ሙዚቃ እንድትቀርጽበት ፈቅደውላታል። ሰው የሞተ ቀን ግን ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የሚወጣው ከዚያው ስለሆነ ቀረጻው ይፈርሳል። "ጌታዬ፣ ለእነሱ ዕድሜ ስጣቸው፤ ለእኔም እስከ ዓርብ አቆይልኝ" ትላለች። ወዲያው ጸሎቷ የራስ ወዳድ ጸሎት ይመስላትና ደግማ ታማትባለች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት።

ዶርቃ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኮተቤ ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ የሙዚቃ ክፍል ጸሐፊ ሆና ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሙዚቃ ያስተማራት ሰው የለም፤ የለመደችው ኖታ ስትገለብጥ ነው። መምህራኑና ተማሪዎቹ የደረሱትን ያመጡላታል፣ ትገለብጣለች፣ ፋይል ውስጥ ታስገባለች፣ ፋይሉ ወደ ቁም ሣጥን ይገባል። እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን የቁም ሣጥኑ በር አልዘጋ አላት። በጉልበቷ እየገፋች ሳለ፣ ይህን ሁሉ ሰው ተጨንቆ ጽፎት አንድም ጆሮ እንዳልሰማው ድንገት ታያትና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዓመት ሳይሞላ ሥራዋን ለቅቃ፣ ከአምስት ወዳጆቿ ጋር "ይሰማ" የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመች። ማኅበሩ በዛሬ ዘመን የሚደረሱ የክላሲካል ሥራዎችን ይቀርጻል፤ በሲዲና በፍላሽ አድርጎ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት በነፃ ይሰጣል። እስካሁን ስድስት አልበም ወጥቷል። የምትቀርጸውም፣ ሰምታ "ይኼ ይለፍ፣ ይኼ ይደገም" የምትለውም ዶርቃ ናት።

የእድሩ ዘበኛ አቶ ዋቅቶላ ነገሩ እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

"መዝሙር ነው?" አሏት የመጀመሪያ ቀን።

"አይ፣ መዝሙር አይደለም።"

"ዘፈን ነዋ!"

"ዘፈንም አይደለም። የሚዘፍን ሰው የለውም።"

"ታዲያ እትዬ፣ ሰው ሳይሞት በር ዘግቶ ማልቀስ ምን ይባላል?"

ዶርቃ ሳቀች። የዚያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር።

ሳቋን የወሰደባት ኅዳር ላይ ከደሴ የመጣ መልእክት ነው። ላኪው ዘረሰናይ የሚባል የሙዚቃ መምህር ነበር። ስለ ስድስተኛው አልበም ብዙ አመስግኖ ሲያበቃ፣ "ሦስተኛው ሥራ ሥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። የድርሰቱ አካል ከሆነ ለተማሪዎቼ እንዳስረዳቸው ቢነግሩኝ" ይላል። ዶርቃ ሦስተኛውን ሥራ አሥራ አንድ ጊዜ ሰማችው። ፉጨት የለም። በማዳመጫም ሰማችው፣ ያለ ማዳመጫም ሰማችው። የለም። በማግስቱ ቫዮሊን ተጫዋቹን ወንደሰንን ጠየቀችው።

"ወንዴ፣ ሦስተኛው ላይ ፉጨት አለ እንዴ?"

"ፉጨት?" ወንደሰን አቀርቅሮ የቫዮሊኑን ሣጥን ዘለበት ነካካ። "ያን ያህል እኮ አይደለም፣ እትዬ።"

"ያን ያህል አይደለም ማለት አለ ማለት ነው፣ የለም ማለት ነው?"

"ማን ልብ ይለዋል ብለው ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶርቃ ጆሮዋን መከታተል ጀመረች። ድሮ ከጓሮዋ የምትሰማው የፌንጣ ድምፅ ወዴት ሄደ? የጎረቤት ልጅ "ስልክዎ እየጮኸ ነው" ያላት ለምንድን ነው? ሐኪም ዘንድ መሄድ ፈራች፤ ሐኪም አንዴ ከተናገረ እውነት ይሆናል። ይልቁንም እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥታ ጸበል ተጠመቀች። "የሰጠኸኝን አመሰግንሃለሁ፤ ለዚህች አንድ ሥራ ብቻ አቆይልኝ" አለች።

ያቺ አንድ ሥራ የአቶ ሀብተወልድ ናት። አቶ ሀብተወልድ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ መሐል ባለች ቤት የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለአራት ባለ አውታር መሣሪያ፣ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ፣ የደረሱት ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት በዶርቃ መሥሪያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ከጸበል ስትወርድ ጎራ ብትል ደጅ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"መጨረሻዋን አደራ" አሏት። "ሦስቱ ዝም ይላሉ፤ አንዱ ቫዮሊን ብቻ ይቀራል። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ የለም። ሌላው ሁሉ ወደ እሷ የሚወስድ መንገድ ነው። እንዳታስቆርጪብኝ፣ ልጄ። እስከ ዛሬ የሰማኋት በጭንቅላቴ ብቻ ነው።"

"አደራዎን እቀበላለሁ፣ ጋሼ" አለች ዶርቃ። እጇ ግን ሳታስበው ወደ ጆሮዋ ሄደ።

ቀረጻው ለታኅሣሥ የመጀመሪያው ዓርብ ተቆረጠ። ሌላ ቀን የለም፤ ቼሎ ተጫዋቹ ጸሐዬ ቅዳሜ ለትምህርት ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሲመለስ አቶ ሀብተወልድ ይኑሩ አይኑሩ እግዚአብሔር ያውቃል። ሐሙስ ዕለት አቶ ዋቅቶላ በሩ ላይ አገኟት። "እትዬ፣ የእድራችን እማማ በለጡ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም አሉ" ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ዶርቃ አጥሚት ሠርታ እማማ በለጡን ልትጠይቅ ሄደች። ለእማማ በለጡ ብላ ይሁን ለአዳራሹ ብላ፣ ራሷም አላወቀችም።

ዓርብ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ጀመሩ። መቅረጫዋ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ናት፤ ድምፅ ሲገባም፣ የተቀረጸው ሲሰማም አረንጓዴ መብራቷ ትርገበገባለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች እስከ ምሳ ድረስ አለቁ። የቀረው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ሰባት ደቂቃ። ዶርቃ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ዓይን ሲከደን ልብ ይከፈታል የሚል እምነት አላት። ሙዚቃው ወደ ላይ ወጣ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

"ተመስገን!" አለች።

ዓይኗን ስትገልጥ አራቱም ይተያያሉ።

"እንድገመው?" አለ ወንደሰን።

"ለምን? በጣም ጥሩ ነበር እኮ።"

"እንዲያው ለጥንቃቄ።"

ደገሙት። ወጣ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። "ተመስገን!" አለች ዶርቃ። ሁለተኛዋ ቫዮሊን ተጫዋች ናዝራዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። ጸሐዬ መሬት መሬት ያያል።

"አሁንስ ምን ሆነ?"

"ምንም፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክረው" አለ ወንደሰን፤ ድምፁ እንደ ልመና ነበር።

ሦስተኛው ላይ ዶርቃ ዓይኗን አልጨፈነችም። ሙዚቃው ወጣ፤ ቀጠነ፤ ጠፋ። "ተመ" ልትል አፏን ስትከፍት የወንደሰንን ክንድ አየች። ደጋኑ ይሄዳል። በፍጹም እርጋታ አውታሩ ላይ ይሄዳል፤ ድምፅ ግን የለም። ወደ መቅረጫዋ አየች። አረንጓዴዋ መብራት ትርገበገባለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ ዘጠኝ ቆጠረች፤ ያኔ ደጋኑ ቆመ፣ መብራቷም ጠፋች።

አራቱም ተነፈሱ። ወንደሰን ፈገግ አለ። ዶርቃም ፈገግ ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ ትችል ነበር። ማንም አይጠይቃትም፤ ማንም አይናገራትም። ሰባተኛው አልበምም እንደ ስድስተኛው ይወጣል። ይህን አሰበች፤ ማሰቧም አስፈራት።

"ስንት ጊዜ ነው ያበላሸሁባችሁ?" አለች።

"እንዴ! ምን ማለትዎ ነው?" አለ ወንደሰን።

"መጨረሻዋን አልሰማትም፣ ወንዴ። አሁን ደጋንህን አይቼ ነው ያወቅሁት። ጆሮዬ ሄዷል። ስንት ጊዜ ነው?"

የመለሰችላት ናዝራዊት ናት፤ ከአራቱ ድምፅዋ የማይሰማው እሷ ነበረች።

"ዛሬ ሁለት ጊዜ። ባለፈው አልበም ላይ ደግሞ..." ቆም አለች። "ፉጨቱ የስልክ ቻርጀር ነው። ማይኩ አጠገብ ተሰክቶ ነበር። ሁላችንም ሰምተነዋል።"

"ሁላችሁም! ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?"

"እርስዎን? እንዴት አድርገን?" አለ ወንደሰን። "ደግሞ ያለቀሱ መስሎን ነበር። 'ተመስገን' ሲሉ ዓይንዎ እንባ ይሞላል እኮ። በእንባ መሐል ቻርጀር ይጠራል?"

ጸሐዬ ሳቀ፤ ሳቁ ለሁሉም ተዳረሰ፤ ዶርቃም እያለቀሰች ሳቀች።

"እንግዲህ ይሉኝታችሁን ከደጅ አውጡልኝ" አለች ፊቷን ጠርጋ። "ይኼ ሦስተኛው ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?"

ናዝራዊት እጇን እንደ ተማሪ አነሣች። "አይደለም። መሐል ላይ እኔ ቀድሜ ገብቻለሁ። እርስዎ ካላሉኝ ብዬ..."

በሩ ተንኳኳ። አቶ ዋቅቶላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ስድስት ሰዎች። ዶርቃ ሳይነግሯት ገባት።

"እማማ በለጡ አረፉ፣ እትዬ። ድንኳኑን ልናወጣ ነው።"

"ነፍስ ይማር" አለች። ቀጥላም፣ "አቶ ዋቅቶላ፣ ሰባት ደቂቃ ስጡኝ። አትጩኹ፣ አትራመዱ፣ አታስሉ። ሰባት ደቂቃ።"

አቶ ዋቅቶላ ሰዎቹን አዩ፤ ሰዎቹ እርሳቸውን አዩ። "እሳቸውስ ከእንግዲህ ምን ያስቸኩላቸዋል?" አሉ፤ በሩን ከውስጥ ዘግተው ጀርባቸውን ሰጡት።

አራቱ ተጫወቱ። ስድስቱ ድንኳን ተሸካሚዎች ግድግዳውን ታክከው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ዶርቃ ደጋኑን ብቻ አየች። ድምፁ ከእሷ ከራቀ በኋላ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ፣ ጭንቅላቱን ቀስ እያለ ቀና ሲያደርግ አየችው፤ ጣሪያው ላይ የምትሄድ ነገር እንደሚከተል። እሱ እየሰማ ነበር። ደጋኑ ቆመ። ናዝራዊት ማዳመጫውን አጥልቃ መጨረሻውን መልሳ ሰማችው።

"መጨረሻዋ ገብታለች" አለች። "ንጹሕ ናት።"

ከዚያ ወንበሩን ተሸክመው ከሰዎቹ ጋር የወጡት ሙዚቀኞቹ ናቸው። ዶርቃ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እማማ በለጡን አለቀሰች፤ ስለ ጸሎቷም ይቅርታ ጠየቀች። ከቅዳሜ ጀምሮ የ"ይሰማ" አዳማጭ ናዝራዊት ሆነች። ስድስተኛው አልበምም ይታረማል፤ ለደሴው መምህር፣ "ፉጨቱ የድርሰቱ አይደለም፤ የእኔ ስሕተት ነው" ብላ ጻፈችለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቅረጫዋን ይዛ እንጦጦ ወጣች። አቶ ሀብተወልድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ተቀምጠዋል። መቅረጫዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሰባቱን ደቂቃ ሲሰሙ ከንፈራቸው ኖታውን ይቆጥራል። መጨረሻው ላይ ጣታቸውን አነሡ፤ ጣቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ድምፁ ሲቀጥን ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ።

"አለቀች" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቅሬታ ነበር። "አጭር ናት። እኔ ረዘም አድርጌ ነበር የጻፍኳት።"

ዶርቃ አረንጓዴዋን መብራት አየች። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው።

"ገና አላለቀችም፣ ጋሼ" አለች። "እኔም አልሰማትም። ይኸው፣ እዚህ ላይ ይዩአት።"

አቶ ሀብተወልድ አጎነበሱ። ሁለቱ አንገታቸውን አገናኝተው፣ መብራቷ እየተርገበገበች እስክትጠፋ ድረስ አዩአት።