በእጅ የተጫረ ቁጥር

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የዘፈን ሸክላ፣ አንድ መርፌና አንድ መሐላ ነው። ሸክላዋ ተመልሳለች። መርፌው ርካሽ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ከሚሴ ሱቄ ውስጥ መደርደሪያ ስወለውል እጄ ላይ መጣች። ከወረቀት ልባሷ ሳወጣት ያው የድሮው ሽታዋ፣ የሙጫና የላምባ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላው። ወደ በሩ ብርሃን አዘንብዬ አየኋት። ዘፈኑ የሚያልቅበትና የመሃሉ ክርታስ የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ምንም ያልተቀረጸበት ባዶ ክብ አለ። እዚያ ላይ አንድ ሰው በሹል ነገር የጫረው ቁጥር ይታያል፤ ሰባቷ እንደ ሰካራም ጋደል ብላለች። አንድ ደንበኛ ገብቶ «ፋኖሱ ስንት ነው?» እስኪለኝ ድረስ ቆሜ አያት ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ እየዞርኩ አሮጌ ሬዲዮ፣ አሮጌ ፋኖስ፣ አሮጌ ሰዓት እገዛና እሸጥ ነበር። ትምህርት ቤቴ ገበያው ነው። የሞተ ሬዲዮ ይዤ «ባትሪ ነው የጎደለው፣ ወላሂ» ስል ፊቴ አይለወጥም ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ሸክላ ሰብሳቢ መጣ። የሚፈልገው በየፊታቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙትን ትናንሾቹን ነው። መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብለን ሙያውን ነገረኝ።

«አንድ ዘፈን ሁለት ሦስት ጊዜ ይታተማል፤ ሰዉ ሁሉም አንድ ይመስለዋል» አለኝ። «ክርታሱን አትመን፣ ባገኙት ቀለም ነው የሚያትሙት። መጀመሪያ ዳሯን በጣትህ ያዝ፤ የመጀመሪያዋ እትም ወፈር ትላለች። ቀጥለህ ባዶውን ክብ እይ። ቁጥሩ በእጅ የተጫረ ከሆነ እሷ ናት፤ በማሽን የተመታ ከሆነ ኋላ የመጣች ናት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አጫውታት። ሲደግሙ ቆርጠው ያሳጥራሉ፤ ልዩነቱን ጆሮህ ይነግርሃል።»

ሦስት ትምህርት ነበር። ማጫወቻ አልነበረኝምና ሁለቱን ይዤ ሦስተኛውን ተውኩት።

አጥብቆ የሚፈልጋትን አንዲት ዘፈን ነገረኝ፤ የሚከፍለውንም ነገረኝ። ዋጋውን አስደገምኩት። ዘፈኗ የት እንዳለች አውቅ ነበር፤ በመኪና መንገዱ ዳር ሻይ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ጋ ነበረች። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሸክላ ማጫወቻቸው መርፌዋ ተሰብሮ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ላይ ከተቀመጠች ዓመታት አልፈዋል። የዚያች ዘፈን ሁለት ሸክላ ነበራቸው። አንዷ ከጥንት ጀምሮ ያለች፣ በብዙ መጫወት የተፋፋቀች ናት። ሌላዋን አንድ ሾፌር «ያረጀችውን ትተካልዎታለች» ብሎ ከደሴ ያመጣላቸው ነው። እሷ ስትመጣ መርፌው ተሰብሮ ስለነበር ተጫውታ አታውቅም።

«አከም ጂርታ፣ አባባ?» አልኳቸው ገብቼ።

«አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስድብኝ ነው የመጣኸው?»

ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ከኪሴ አዲስ መርፌ አወጣሁ። ሽማግሌው እንደ ወርቅ በመዳፋቸው ተቀበሉኝ።

ሁለቱን ሸክላዎች በር ላይ ወስጄ አየሁ። የተፋፋቀችው ወፈር ትላለች። ባዶው ክብ ላይ ያቺ ሰካራም ሰባት አለች። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴ ግን የሬዲዮ ሻጭ ፊት ነው።

«ይቺ አርጅታለች አባባ። እሷን ልውሰድልዎና መርፌውን ልተውልዎት። ንጹሗ ትበቃዎታለች።»

«አንድ ናቸው ግን?»

«ወላሂ አንድ ናቸው! አንድ ዘፈን፣ አንድ ዘፋኝ።»

«አባባ» አለ አንዱ ሾፌር፣ «ይሄ ልጅ ሲምል ኪስዎን ይያዙ!»

«ተወው» አሉ ሽማግሌው። «በአላህ ስም ምሏል።»

ሰብሳቢው ቃሉን አክብሮ ከፈለኝ። ይሄን አሁን የምወለውለውን መደርደሪያ በዚያ ገንዘብ ነው ያሠራሁት።

በሳምንቱ ሽማግሌው አስጠሩኝ። ስገባ ንጹሗ ሸክላ እየተጫወተች ነው፤ ሻይ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ሁላችንም ያቺን ጣት እያየን ጠበቅን። ዘፈኑ አለቀ። መርፌው ባዶው ክብ ላይ ክሽ፣ ክሽ እያለ ዞረ። ጣታቸው እንደቆመ ቀረ።

«የት ሄደች?» አሉኝ።

ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነው። በመጀመሪያዋ እትም ላይ፣ ሙዚቃው ካቆመ በኋላ ከተቀባዮቹ አንዷ መቅረጫው የተዘጋ መስሏት «ዱሜ?» ትላለች። አለቀ እንዴ? ማለቷ ነው በኦሮምኛ። ከዚያ ትስቃለች። ያቺ ተቀባይ ሚስታቸው ነበረች። ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራቸውም፤ የቀረቻቸው ያቺ አንዲት ቃልና ያ ሳቅ ብቻ ነበር።

«መርፌው ይሆናል...» አልኩ።

«መርፌውም ያንተ፣ መሐላውም ያንተ» አሉኝና ማጫወቻዋን ዘጉ።

ሰብሳቢው ጋ ደወልኩ፤ ሸክላዋ ባሕር ተሻግራ ነበር። ከዚያ ወዲያ የማየው ሁሉ ሸክላ ሆነ። ባቲ ከበግ ነጋዴው፣ ደሴ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣ የሟች ዕቃ በተሸጠበት ሁሉ ገባሁ። ዘፈኗን አሥር ጊዜ አገኘኋት፤ አሥሩም በማሽን የተመቱ። በሻይ ቤቱ ሳልፍ ሽማግሌው «አገኘሃት?» ይሉኛል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር። ኋላ በዓይናቸው ብቻ ሆነ። ኋላ ዓይናቸውን ሰበሩ።

በዘጠነኛው ዓመት ጨፋ ሮቢት፣ አንድ እህል ነጋዴ የወንድሙን ሣጥን ሲከፍትልኝ አገኘኋት። ያው ውፍረት፣ ያቺው ሰባት። በዚህ ጊዜ ማጫወቻ ይዤ ነበርና እስከ ጫፍ ሰማኋት። «ዱሜ?» አለች፤ ሳቀች። እህል ነጋዴው ፊት አለቀስኩ። እሱ ዋጋ ለማስቀነስ መስሎት «ብታለቅስም አልቀንስም» አለኝ።

ከሚሴ በዚያው ቀን ደረስኩ። ሽማግሌው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ልጃቸው ትከሻዋን ሰብቃ ጆሮዋን ነካ አደረገች። ካለፈው ረመዷን ወዲህ ምንም አይሰሙም።

ቢሆንም አጫወትኩላቸው። ማጫወቻዋ ላይ እጃቸውን አኖሩ፤ መርፌዋን በዓይናቸው ተከተሉ። ሙዚቃው ቆመ። መርፌዋ ወደ ባዶው ክብ ልትገባ ስትል ቀና ብለው አዩኝና «ዱሜ?» አሉኝ። በዚያችው ቅጽበት እሷም አለችው።

«አለች!» ብዬ ጮህኩ። ከከንፈሬ እንዲያነቡልኝ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ አንስቼ፣ «ወላሂ፣ ድምጿ አለ!»

ቃሉን ከከንፈሬ አነበቡ። ቁጣ የለባቸውም።

«ያኔም ምለህልኝ ነበር» አሉ።

ሸክላዋን ከማጫወቻዋ አንስተው፣ በኩታቸው ጫፍ አቧራዋን ጠርገው እጄ ላይ አኖሩልኝ። «ውሰዳት። ለእኔ አሁን ሁለቱ አንድ ናቸው።» ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ሻይ አስመጡልኝ፤ እስክጨርስ ድረስም አብረውኝ ተቀመጡ። በክረምቱ አረፉ።

የዛሬው ደንበኛ ፋኖሱን አገላብጦ አየና «አይፈስም? እስኪ ማልልኝ» አለኝ። ሳልምል ተቀብዬው ቦታው ላይ ሰቀልኩት።

ሸክላ አንድ። መርፌ አንድ። መሐላ የለም።