ለሁለት ሰው ይንገሩ

ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ በዚያ ሳልፍ ፍዝዝ እላለሁ። ታክሲው በአዲሱ አስፋልት ላይ ሲንሳፈፍ ጓዳችን ውስጥ የገባን እየመሰለኝ እግሬን ሰብሰብ አደርጋለሁ። «ወራጅ» ልል አፌን ከፍቼ የተውኩበት ቀን አለ።

እናቴ ግን ብሶባት ነበር። ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ አራተኛ ፎቅ መስኮት ዳር ተቀምጣ እህል አልቀምስ አለች። «ብሞት ማን ይሰማል?» ትላለች ቀኑን ሙሉ።

ሰፈርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል። እድሩ ፈርሶ ጡሩምባው ከቀረ በኋላ የተረፈችው አንዲት ልማድ ናት፤ ወሬ የሰማ ለሁለት ሰው ይደውላል፣ በቃ። ዝርዝር የለ፣ ዳኛ የለ፣ ጸሐፊ የለ። እኔ ደግሞ ሜክሲኮ ያለ ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ የምዘረጋ ሰው ነኝ፤ መነሻና መድረሻው የማይታይ ነገር ያናድደኛል። የቴሌግራም ግሩፕ ልክፈት ብዬ ስልክ ባሰባስብ አስራ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ንድድ አለኝና «እማዬ፣ ሰፈር የሚባል ነገር የለም! ያሉት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም በየቤታቸው!» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በነጋታው ለአንዲት የድሮ ጎረቤታችን ደውዬ እናቴ መታመሟን ነገርኳት። «አይዞሽ፣ እናገራለሁ» አለችኝ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጭጭ።

አንድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ ተኝታ፣ እኔም ሸለብ እያደረገኝ ሳለ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ጆሮዋ ስለደከመ ስፒከር ላይ ነው የምታወራው። የማናውቀው የሴት ድምፅ ነበር።

«እትዬ፣ አያውቁኝም፤ ቁጥርዎን ከሰው አግኝቼ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበሩት ሴትዮ ታመው እህል አልቀምስ ብለዋል አሉ። ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ነው፤ እርስዎም ለሁለት ሰው ይንገሩ።»

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበርነው እኛ ነን። ልናገር ብድግ ስል እናቴ በእጇ «ቁጭ በይ» አለችኝ።

«ውይ፣ ምን ነካቸው? እግዜር ይማራቸው!» አለች። «ስንት ትሆናላችሁ?»

«እኔ እንጃ፣ ማን ይቆጥረዋል? የነገረችኝንም ሴት አላውቃትም።»

እናቴ ስልኩን ዘግታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም። ሲወጣላት «እስኪ ሽሮ ካለ አምጪ» አለች። እየጎረሰች «ከጎረቤት ወንበር ተዋሺ፤ ቅዳሜ ሰፈሩ ይመጣል» አለችኝ።

«እዚህ ማንንም አላውቅም እኮ፣ እማዬ።»

«የደወለችውስ እኔን መች አወቀችኝ? ሂጂ፣ አንኳኪ!»