ለማስተርስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጎንደር ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። በየዓመቱ ለማስተርስ ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ ከቅማንት ወገን ግን የሚያመለክት አይመጣም። ባልደረቦቼ «ማስታወቂያው ለሁሉም እኩል ነው» ሲሉ ደሜ ይፈላል። እዚህ ከተማው መሀል፣ አራዳ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በእግሩ የቅማንቶቹ አገር ጭልጋ አይደርስ!

አንድ ቀን ልጃቸውን በሞት ያጡ እናት ከጭልጋ ወደ ምክር ክፍላችን መጡ። በአማርኛ «ደህና ነኝ» ካሉ በኋላ በቅማንትኛ ብዙ ተናገሩ። ሁላችንም ሰማናቸው፤ ያሉት የገባው ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ማፈላለግ ጀመርኩ። ሥነ ልቦና የተመረቀች፣ ቋንቋውን ከአያቷ የተማረች አንዲት መምህርት ጭልጋ ውስጥ አገኘሁ። ስደውልላት «እኔስ ደስ ይለኛል፤ አባቴን ማን ያሳምንልኛል?» አለችኝ። ምዝገባው ሊዘጋ ነው። ልጅን ከአባቷ ቤት በስልክ መጥራት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ሁለት የአገር ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ላይ ቆመው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ወጉ። አባትየውም ነገሩን ሳይጠይቁ፣ እንደ ወጉ፣ «ዘመድ ልምከርበት፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» አሉ። ልጃቸውን ለትዳር የጠየቅን መስሏቸዋል። የእኔዎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ ቀጠሮውን ተቀብለው ሊመለሱ ነው!

«አያ፣ እኔ ያመጣሁት ባል አይደለም፤ ትምህርት ነው» አልኩ፣ ትዕግሥቴ አልቆ። ሽማግሌዎቹ ገላመጡኝ።

«የምን ትምህርት?»

«ያዘነ ሰው አዳምጦ መርዳት። በቋንቋችሁ የሚያዳምጥ ሰው የለንም።»

አባትየው ጋቢያቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ከጓዳው በር ቆማ ታያቸዋለች።

«ወንድሜ የሞተ ጊዜ እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድኋት» አሉ። «ለሐኪሙ እንዳትነግረው አማርኛው አልበቃት አለ። ለእኛ እንዳትነግረን ልጆቼን አላስጨንቅ ትላለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች፤ ዝም እንዳለች አረፈች። ይችን ልጅ ያሳደገቻት እሷ ናት።» ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲህ የምትፈልጉን ከሆነ፣ ያን ጊዜ ምነው ሳትመጡ?»

አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ።

አባትየው ፊታቸውን ከእኔ መልሰው ልጃቸውን ጠሯት።

«ሂጂ» አሏት፤ «ለእናቴ የደረሰላት የለም፤ አንቺ ለሰው እናት ድረሺ።»