አባቴ ስለ ጨፋ ሳር የተናገሩት

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ከሚሴ ስወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት በስልኩ አንድ ቪዲዮ ከፈተ። ጥምጥም የጠመጠሙ አዛውንት ስለ አገር ጉዳይ ይናገራሉ። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሞላ ተቆረጠ። «ሰማችሁ? እኚህም የነሱ ናቸው!» አለ ወጣቱ። አንዱ ደገፈ፣ ሌላው ተሳደበ፤ ሐርቡን አልፈን ጨፋ እስክንደርስ ክርክሩ አልበረደም። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አባቴ ትዝ አሉኝ።

አባ፣ ሰው ሼህ ሁሴን ይላቸው ነበር፣ በጨፋ ሜዳ ጥግ ባለች መንደር የመስጊድ ኢማም ነበሩ። ጠዋት ቁርኣን ያስቀራሉ፣ ከሰዓት ማሽላቸውን ያርማሉ። የተጣላ ያስታርቃሉ። ስለ መንግሥት ሲጠየቁ ግን «እኔ የመስጊድ ሰው ነኝ» ብለው ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞሩት ነበር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መግቢያ፣ ምርጫ በቀረበበት በጋ ነው። ደሴ መምህርነት እማር ነበርና ለእረፍት ቤት ነበርኩ። ያኔ ጨፋን በበጋ ያላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። ቆላው ሲደርቅ የአፋር ከብቶች አቧራ እያስነሱ ይመጣሉ፤ በቦርከና ወንዝ ዳር ሳሩ ጉልበት ይደርሳል፤ አመሻሽ ላይ ሜዳው ሁሉ ወተትና እበት ይሸታል። በዚያ ዓመት ግን ከሜዳው ሰፊው ክፍል ከሩቅ ለመጣ ባለሀብት ሊሰጥ ነው ተባለ። የአጥሩ እንጨቶች መተከል ጀምረው ነበር።

በዚህ መሀል የራዲዮ ጋዜጠኞች የሃይማኖት አባቶችን ስለ ልማትና ስለ ምርጫው ሊያነጋግሩ መጡ። ትኩስ የማሽላ ቂጣ በእርጎ አቀረብኩላቸው። በልተው ሲያበቁ አንደኛው ማይክሮፎኑን ወደ አባ አስጠጋ።

አባ «እንደ ኢማም ከሆነ የምለው የለኝም። እንደ ሁሴን ከጠየቃችሁኝ ግን የራሴን እነግራችኋለሁ» ብለው ጀመሩ። «መንግሥት መንገድ ሠርቶልናል፤ ልጆቻችንን በቋንቋቸው አስተምሮልናል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህን የሚክድ ውሸታም ነው። ጨፋን ማጠር ግን ግፍ ነው። መርጊ ከን ረቢቲ፤ ሳር የአላህ ነው። ሳሩ ከታጠረ ነገ አፋሩና የኛ ልጅ ይጋደላሉ። ድምፄን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ይህን አጥር ይንቀል።»

ጋዜጠኛው «ጥሩ ተናገሩ ሼሃችን» ብሎ ትከሻቸውን ስሞ ሄደ።

በሳምንቱ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃችን ላይ ራዲዮ ከቦ ተቀመጠ። የአባ ድምፅ መጣ። መንገዱን አመሰገኑ፤ ትምህርቱን አመሰገኑ። «ይህን የሚክድ ውሸታም ነው» አሉ። ከዚያ ሙዚቃ ገባ፤ ቀጥሎ ስለ ከብት ክትባት ወሬ ተጀመረ። አባ ራዲዮውን ትክ ብለው እያዩ «ይቀጥላል» አሉ።

አልቀጠለም። ሰዎቹ ልብሳቸውን እያራገፉ አንድ በአንድ ተነሡ። አባን ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ የባሰውም እሱ ነበር።

በማግስቱ አባ ስለቀረው ንግግራቸው ሊጠይቁ ሲሄዱ ከሚሴ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። የማስታወቂያ ቢሮው ኃላፊ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ለስላሳ አስመጣላቸው።

«ሼሃችን፣ የአየር ሰዓት አጥሮ ነው እኮ። ለርስዎ እንኳ ብዙ ነው የተሰጠው።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው በሌላ ጊዜ ይታያል፣ ኢንሻአላህ።»

ምን ይባላል? ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

ጁምዓ ዕለት አባ በመስጊዱ መስበኪያ፣ ሚንበሩ ላይ ቆመው ሙሉውን ደገሙት። ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ሲወጣ ግን አንዱ ለጓደኛው «ሰው ሲያኮርፍባቸው ገለበጡት» ሲል አባ ሰሙ።

«ዝም ብል ተስማማ ይሉኛል፤ ብናገር ፈራ ይሉኛል» አሉኝ ቤት ገብተው። «ቃሌን ወስደው ግማሹን መለሱልኝ። በግማሽ ቃል ምን አደርጋለሁ?»



ሐመዱ የሚባል አፋር በየበጋው ከብቶቹን ነድቶ ሲመጣ እኛ ቤት ያርፍ ነበር፤ ከአባ ጋር የወጣትነት ወዳጆች ናቸው። በዚያ ዓመት ግን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ሼህ፣ እኔ ራዲዮ የለኝም፤ ሰው ነገረኝ» አለ።

«ግማሹን ነው የነገሩህ።»

«ሌላውን ማን ሰማ?»

«ልጄ ሰምታለች። አላህም ሰምቷል።»

ሐመዱ ወደ ሜዳው ዞሮ አየ። «አምንሃለሁ» አለ በመጨረሻ። «የአጥሩ ዘበኛ ግን አልሰማም።»

የሰጠሁትን ወተት ቆሞ ጠጥቶ ሄደ። አጥሩ በየካቲት አለቀ። ከብቶቹ በሽቦው ዳር ዳር አንገታቸውን እያስገቡ ሲያልፉ አባ ከመስጊዱ በር ሆነው ያዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ «እንደ ሁሴን» ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባ ሞቱ። በለቅሶው ድንኳን፣ በሴቶቹ በኩል፣ አንዲት የጎረቤት እናት «አላህ ይዘንላቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ» አሉ። «ያችን የራዲዮዋን ነገር ባይናገሩ ኖሮ።» እኔ እያለቀስኩ ያልተሰማውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጉልበቴን ዳበስ አደረጉኝ።

«እንዴታ የኔ ልጅ» አሉ። «አንቺማ ልጃቸው ነሽ።»

ጋዜጠኞቹ የአባን ድምፅ የቀዱበት ያ ካሴት የት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት ሌላ ነገር ቀድተውበታል። ያን ቀን እቤታችን ተቀምጦ አባን ያዳመጠ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ከኔ በቀር አላውቅም። እኔም መናገሬን አልተውኩም፤ ለልጆቼም፣ ለተማሪዎቼም ነግሬያለሁ። በትህትና ያዳምጡኛል፤ ሴት ልጅ ስለ አባቷ ስታወራ ሰው የሚያዳምጣትን ያህል።