አይጠጣም ያልኩት እኔ ነኝ

ነቀምቴ ውስጥ ከኔ የተሻለ ባጃጅ የሚነዳ ካለ ይምጣና ይፈትነኝ። ከባኬ ጃማ እስከ ጉቴ የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ መንገዱን የሰራው ሰውዬ ራሱ እንደኔ አያውቅም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አምስተኛን ያልገባሁት ለአስተማሪዎቹ አዝኜላቸው ነው። በአፍ የረታኝ ሰው የለም። በአማርኛም በኦሮምኛም አስቃለሁ። የታመመ ስጭን ደግሞ ጤና ጣቢያው በር ሳንደርስ ግማሹ ተሽሎት ይወርዳል።

እንዲህ የሚያወራ አፍ አንድ ቀን ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ ገበሬ ነበር። ያ ሁሉ ተኩስና ቃጠሎ ሲመጣ ሁለቱን በሬዎች እንደተጠመዱ ማሳ ላይ ጥሎ ሸሸ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ጋ ሄደች፣ እሱ እኔ ጋ መጣ። እኔ ቤት ማለት አንድ ክፍል ናት፤ ፍራሹ ላይ ተኝቼ እግሬን ከዘረጋሁ በሩ አይዘጋም። አከራያችን ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እናቴ ለማለት አዴ ነው የሚላቸው፣ ከጸሎት የማይቀሩ ጴንጤ። ክፍሏን ሲያከራዩኝ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “ኢልመኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ግቢ መጠጥ አይገባም።”

ወንድሜ ደግሞ ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ አይረጋም። ከመናኸሪያው ጀርባ ሁለት ሶስት መለኪያ ደፍቶ ነው ሰው የሚሆነው።

“ጋሼ፣ እጅህ ላይ ሞተር አስገጠምክ እንዴ? የኔ ሲበላሽ ታውሰኛለህ” እለዋለሁ። እሱም ይስቃል።

አንድ ጠዋት ግን አልሳቀም። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት እኔ እየቆለፍኩለት ነበር።

“አንተ ቀልማዳ” አለኝ፣ “ይሄን ነገር መተው እፈልጋለሁ። እንዲህ ሆኜ ልጆቼ ፊት አልቆምም። ወስደህ አሳክመኝ።”

ወሰድኩት። ጤና ጣቢያው ካርድ የሚወጣው በመስኮት ነው። ሰልፈኛው እላይህ ላይ ተለጥፎ ስለሚቆም ሕመምህን ከሐኪሙ በፊት ከኋላህ ያለው ሰው ይሰማል። ካርድ የሚጽፈው ሰውዬ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ይልና “ያጨሳል? ይቅማል? ይጠጣል?” ብሎ ይጮኻል፣ የጠፋ በግ እንደሚያስጠራ ሰው። የኛ ተራ ሲደርስ ዞር ብዬ ባይ ከኋላችን ሶስተኛው ላይ አዴ ቆመዋል። ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ነው የመጡት።

“ኒ ዱጋ?” አለ ሰውዬው በኦሮምኛ። ከዚያም ለኛ በአማርኛ ደገመው፦ “ይጠጣል ወይ?”

“ማን? ይሄ?” አልኩ እኔ። “እንኳን አረቄ ሊጠጣ፣ የለስላሳ ቆርኪ ሲከፈት ደንግጦ የሚሮጥ ሰው ነው!”

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አዴም ሳቁ። ሰውዬው “አይጠጣም” ብሎ ጻፈ። ወንድሜ ብቻ መሬት መሬቱን አየ።

ውስጥ የገባንባት ሲስተር ወጣት ነች፣ ረጋ ያለች። እጁን አየችው። “ኦቦሌሳ፣ ወንድምዬ፣ ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው?” አለችው። በሩ ክፍት ነው፣ አዴ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ እኔን አየኝ።

“ከድንጋጤ ነው ሲስተር፣ ከጊዳ አያና ሸሽቶ ነው የመጣው” አልኩ። እሱም ውሸት አይደለም። ካርዱን አነበበች፣ ሆዱን ነካክታ የጨጓራ መድኃኒት ጻፈችለት፣ “ሌላ ነገር ካለ ተመለሱ” አለች።

ውጪ ስንወጣ ወንድሜ፣ “ሳልናገር ወጣሁ እኮ” አለኝ።

“እኔ እያለሁ ሲስተር ምን ያደርግልሃል? ሶስት ቀን ስጠኝ! እነ አዴ ቸርች ሶስት ቀን ጾመው ጸልየው መጠጥ ተውኩ ብለው የሚመሰክሩ ስንት አሉ። እኛ ከነሱ በምን እናንሳለን?”

ክፋቱ፣ አመነኝ።

ባጃጄን አቆምኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ አብሬው ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ቀን ላብ አጠመቀው። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ብድግ ብሎ ማረስ ጀመረ። አዎ፣ ማረስ። በአንድ እጁ የሌለ እርፍ ይዞ፣ በሌላው የሌለ ጅራፍ እያስጮኸ፣ ፍራሼን ከዳር እስከ ዳር። “ሳብ! ዙር!” ይላል።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። “ጋሼ፣ ጫማዬ ድንበሩ ላይ ነች፣ አብረህ እንዳታርሳት!”

ቆመና አየኝ። እኔን ግን አይደለም ያየው። “በሬዎቹን ማን ፈታቸው?” አለኝ። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

በሶስተኛው ቀን ጠዋት ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ጥርሱ ገጠመ። እኔ ጀግናው ምን አደረግኩ? ክብሪት እየጫርኩ አፍንጫው ስር አደረግኩ። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ሰው እንደዚያ ሲያደርግ አይቼ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ክብሪት። ጩኸቴን ሰምተው አዴ ሮጠው መጡ፣ ክብሪቱን ከእጄ መቱት፣ “ባጃጁን አስነሳ!” አሉኝ። ከኋላ ተቀምጠው ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ ይዘው “ማሎ ያ ዋቃ፣ ማሎ” እያሉ ፈጣሪን እየለመኑ ሄድን። ያን ቀን አንድ ጉድጓድ አልሳትኩም፤ ሁሉም ውስጥ ገባሁ።

ሲስተሯ ካርዱን አወጣች። “አይጠጣም ይላል። እውነት ነው?”

አዴ አጠገቤ ናቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ደረቀ። “አይ… እንግዲህ…” አልኩ።

“ይጠጣል በላት እንጂ ኢልመኮ!” አሉ አዴ። “ከገባ ቀን ጀምሮ ይሸተኛል። እግዜር ቀን ይሰጠዋል ብዬ ዝም ያልኩት እኔም ነኝ።”

ሲስተሯ ሮጣ መርፌ ወጋችው። መንቀጥቀጡ ቆሞ እንቅልፍ ሲወስደው ወደኔ ዞረች። “ይህን ያህል ጊዜ የጠጣ ሰው ባንዴ አያቆምም፣ ይሞታል! ይጠጣል ወይ ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው እኮ!”

“በመስኮት እየጮኻችሁ ስትጠይቁ ማን ይናገራል ሲስተር?”

ወደ መስኮቱ አየች። ሰውዬው እዚያ አንዷን እናት “ይጠጣሉ?” እያለ ይጮኻል። “እውነትህን ነው” አለችኝ። ብዙ ጉራ ነዝቻለሁ፣ ያቺ ግን ጉራ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ መስኮቱ ሳይከፈት፣ በክትባት ክፍሉ የጓሮ በር ታስገባን ጀመር። አንድ ወረቀት ላይ የቀኑን ክኒን ጻፈችልን፦ መጀመሪያ ብዙ፣ ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ። ክኒኑን ፊቷ ታስውጠዋለች፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፣ በሩን ዘግታ። በስምንተኛው ቀን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ቆለፈ። አንዷን ቀዳዳ ዘሎ አንገትጌው ተጣሞ ነበር፣ እኔ ግን አላረምኩትም፣ እንደዚያው ከተማውን አዞርኩት። ወረቀቱ ካለቀ በኋላም በሳምንት አንዴ ለወሬ እንሄድ ነበር። የአዴን አጥር አጠረላቸው። ሚስቱ ጋ ደውሎ “ለበዓል እመጣለሁ” አላት።

ሲስተሯን ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሯት። የጓሮው በር ተቆለፈ። ወንድሜ የሚያዋየው ሰው አጣ፣ ለበዓል ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው የአያና ጎረቤቱ መናኸሪያ ላይ አግኝቶት ቤቱ ጣሪያው እንኳ እንደሌለ ነገረው። በዚያው ከመናኸሪያው ጀርባ አረቄ ቤት ገባ።

እንደገና ወሰድኩት። መስኮቱ ያው ነው፣ ሰውዬውም ያው። “ይጠጣል?” ብሎ ጮኸ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ።

“ሂን ዱጉ” አለ፣ ቀና ብሎ። አልጠጣም ማለቱ ነው።

ከኔ ነው የተማረው። አዲሱን ሐኪም ለብቻው ጠርቼ ሹክ አልኩት፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ መድኃኒት ስቶር ድረስ ሄዶ አየልኝ፤ ክኒኑ የለም። ሆስፒታል ሪፈር ጻፈልን። እዚያ ደግሞ ለመጠጥ የሚሆን አልጋ የለንም፣ አዲስ አበባ ሞክሩ አሉን። ወንድሜ “ከአያና ነቀምቴ መድረሴ ይበቃኛል” አለና ወጣ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ያቺን የሲስተር ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌአታለሁ። ባንዴ ካቆመ እንደሚሞት አውቃለሁ። ስለዚህ በየጠዋቱ ስራ ሳልገባ አረቄውን እኔ ነኝ የምቀዳለት፣ በመለኪያ፣ በክኒኑ ፈንታ፣ እየቀነስኩ። ግቢያቸው መጠጥ የማይገባው አዴ ጠርሙሱን የት እንደማስቀምጥ ያውቃሉ። ባጠገቡ ሲያልፉ ወደ አጥሩ ዞር ይላሉ። ተሳፋሪዎቼን “እኔ ዶክተር ነኝ፣ አንድ በሽተኛ ብቻ ነው ያለኝ” እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ።

ከአምስት ጀምረን ሁለት ደርሰናል። ከሁለት በታች ስወርድ እርሻው ይጀምራል፣ በሬዎቹን ማን ፈታቸው ይለኛል፣ ተመልሼ ሶስት እቀዳለሁ። እንዲህ ስንወጣና ስንወርድ ክረምቱ ገባ። ሚስቱ ደውላ ስትጠይቅ “ሥራ በዝቶበት ነው” እላታለሁ። አፌ አሁንም አይሰንፍም።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ቀዳሁለት። ሸሚዙን ቆለፍኩለትና ወደ ስራ ወጣሁ።